ያልተቀመሰው ቦይና

እማማ ዘነቡ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ቤታቸው ተበላ ከምትባለው ከተማ ወረድ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ከሩብ የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነው። አሁን «ነበሩ» እያልኩ በአንቱታ እጽፋለሁ እንጂ ባወቅኋቸው ጊዜ «አንቺ» ነበር የምላቸው። በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ፤ እኔ ደግሞ ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩ። ግን በወላይትኛም ሆነ በአማርኛ፣ ሸክላ ሠሪን በአንቱታ ሲጠራ የሰማሁት ሰው አልነበረም። እኔም አልጠራሁም።

በወላይታ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች ጪናሻ ይባላሉ። ድስታቸውን የማይገዛ፣ በእንስራቸው ውሃ የማይቀዳ ቤት አልነበረም። ከእጃቸው ግን አይበላም። እናቴ እሑድ ከጸሎት ቤት ቀርታ አታውቅም፤ ሆኖም ድስት የምታመጣልን ሴት ደጅ ነበር የምትቆመው። ውሃ ከጠማት ለእሷ ብቻ የተለየ ጣሳ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጅ ሆኜ ያንን ጣሳ ስለነካሁ ተገርፌያለሁ።

እማማ ዘነቡ ሥራውን የጀመሩት በሰባት ዓመታቸው ነው። ጭቃው ከወንዝ ዳር ይቆፈራል፤ እናታቸው ይቆፍራሉ፣ እሳቸውና ታላቅ እህታቸው ይሸከማሉ። አንድ ዓመት ጉድጓዱ ተናደና እህታቸውን ቀበራት። ከሳምንት በኋላ ከዚያው ጉድጓድ ጭቃ እንደወሰዱ ሲነግሩኝ ደንግጬ «እንዴት ቻልሽ?» አልኳቸው። «ሌላ ጭቃ የት አለ?» አሉኝ። ባላቸውን ወባ ወሰደባቸው። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ አርባ ምንጭ እርሻ ሄደው ቀሩ፤ ሦስተኛው ከሚስቱ ከመብራት ጋር አጠገባቸው ጎጆ ወጣ። እኔ ሳውቃቸው ወገባቸው ጎብጦ ነበር፤ ከተቀመጡበት ሲነሱ መጀመሪያ አንድ እጃቸውን መሬት ላይ ያሳርፉና ትንሽ ያስባሉ። ከዚያ ነው የሚነሱት።

የተገናኘነው በ1996 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤታችን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚሠሩ ሴቶችን እንዳሠለጥን ወደ ተበላ ላከኝ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚያበስል ቤት ብዙ እንጨት ይፈጃል፤ እንጨቱ ከተራራው ነው የሚመጣው፣ ተራራውም እየተራቆተ ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ይዤ፣ የምድጃውን ቅርጽ የሚያወጣ የብረት ፎርማ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ምድጃዎች ሲተኮሱ ሁሉም ተሰነጠቁ። እኔ ወረቀቴን አገላበጥኩ። እማማ ዘነቡ አንዱን ስንጥቅ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ወረቀቱ የሚያውቀው የሌላ አገር ጭቃ ነው» አሉ። አሮጌ ገል ወቀጡ፣ ነፉ፣ ከጭቃው ጋር አቦኩት። ከዚያ በኋላ የተተኮሱት በሙሉ ደህና ወጡ። ሪፖርቱ ላይ «ባለሙያዋ ባደረገችው ማሻሻያ» ብዬ ጻፍኩ። ባለሙያዋ ያልኩት ራሴን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ገደማ እየሄድኩ አያቸው ነበር። በሄድኩ ቁጥር የተቀቀለ በቆሎ ወይም የፈላ ወተት ያቀርቡልኛል። በሄድኩ ቁጥር «በልቼ ነው የመጣሁት» እላለሁ። አንድም ቀን አስገድደውኝ አያውቁም። ስመለስ፣ መታጠፊያው ጋ ስደርስ፣ ከቦርሳዬ ብስኩት አውጥቼ እበላለሁ። በጣም ይርበኝ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ወንደሰን የሚባል አዲስ ኃላፊ ከሀዋሳ ተዛውሮ መጣልን። ወጣት ነው፤ ቸኩሎ የሚናገር፣ ሥራ የሚወድ ሰው። የአካባቢ ጥበቃ ቀንን ምክንያት አድርገን ሶዶ ላይ ዓውደ ርዕይ እናዘጋጅ አለ። ዘመናዊ ቀፎ፣ የችግኝ ዓይነቶች፣ በትል የሚሠራ ማዳበሪያ፣ በፀሐይ የሚበራ መብራት ሁሉ ይቅረብ ተባለ። ምድጃው ላይ ስንደርስ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገና «ሰው ንግግር ሰልችቶታል። ሴትየዋ እዚያው ታብስልበት፣ እንግዶቹ ይቅመሱ። በአፋቸው ይመኑ» አለ።

ሰውየው የአገሩን ነገር አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። የቤቴን ነውር ለእንግዳ መዘርገፍ መሰለኝ።

ለእማማ ዘነቡ ስነግራቸው የያዙትን ጭቃ አስቀምጠው አዩኝ። «ይቀምሳሉ አሉ?»

«አዎ። ኃላፊው ራሱ ነው ያለው።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» እሳቸው እኔን «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ።

«እኔ ምን እላለሁ። ፕሮግራም ነው።»

«ፕሮግራም» ብለው ቃሉን ደገሙት። ከዚያ ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። «እሺ። ጉልበቴ ካደረሰኝ።»

ቀኑ ግንቦት ሃያ ስምንት፣ ማክሰኞ ነበር። ዋዜማውን ዝናብ ሲጥል ስለዋለ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። አምስት ምድጃ ከምራታቸው ከመብራት ጋር ተካፍለው እስከ ተበላ በጀርባቸው አመጡ፤ ከተበላ ሚኒባስ ጣራ ላይ ተጫነ። መብራት ሕፃን ልጇን ቤት ትታ ስለነበር ከመናኸሪያው ተመለሰች። ሶዶ ሲደርሱ አንዱ ምድጃ ለሁለት ተከፍሏል። ሦስት ሰዓት ላይ ከዓውደ ርዕዩ ሜዳ በር ላይ ስቀበላቸው የተሰበረውንም ተሸክመውት ነበር። «ለምን አልጣልሽውም?» አልኳቸው። «ገል ይሆናል» አሉ።

ለእሳቸው የተሰጣቸው ከዳር ያለው ድንኳን ነው። ከላዩ «አረንጓዴ ኑሮ ለሁላችን» የሚል ባነር ተወጥሯል። ንግግሩ እስከ አምስት ሰዓት ቆየ። እማማ ዘነቡ መቀመጫ ስላልነበራቸው አንዱን ምድጃ ገልብጠው ተቀመጡበት፤ ዓይናቸው ክድን ክድን ይላል። እኔ እንግዳ ስቀበል፣ ሃይላንድ ሳድል ነበር። ስለ ፕላስቲክ ጉዳት የተናገሩት ሰውዬ እንኳ የጠጡበትን ባዶ ፕላስቲክ ወንበራቸው ሥር ትተውት ሄዱ፤ እኔ አነሳሁት።

ከንግግሩ በኋላ እንግዶቹ ወደ ድንኳኖቹ ዞሩ። እማማ ዘነቡ ያመጡት ቦይና ነበር፤ ሌላ አገር ጎደሬ የሚሉት ማለት ነው። ከደጃቸው የነቀሉት፣ ታጥቦ የተላጠ፣ ነጭ። በሦስት ቀጫጭን እንጨት ብቻ አነደዱ። ጭሱ ትንሽ ነው፣ እሳቱ ከድስቱ ሥር አይወጣም። ሰው ከበበ። ድስቱ ሲንተከተክ አንዱ ሰዓቱን አይቶ «ጉድ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። እማማ ዘነቡ ጭብጨባውን ሲሰሙ ትንሽ ቀና አሉ፤ ወገባቸውን ያዝ አደረጉ።

ቦይናውን በሰፊ ሳህን አወጡት፣ ጨውና ሚጥሚጣ ጎኑ ላይ አደረጉ። ወንደሰን «በሉ፣ እንቅመስ!» አለና አንድ ትልቅ ቁራጭ አነሳ። ገመጠ። «እማማ፣ ይጣፍጣል!» አለ፣ አፉ ሞልቶ።

ሌላ እጅ አልተዘረጋም።

አንዱ በልቻለሁ አለ። አንዱ ሆዴን ያመኛል አለ። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ሳህሊቱ «ውይ፣ ጾም ላይ ነኝ» አሉ። የሐዋርያት ጾም መያዙ እውነት ነው። እማማ ዘነቡ ቀስ ብለው «ቅቤ የለውም፣ እሜቴ። ውሃና ጨው ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ሳህሊቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ምድጃውን ወደማየት ዞሩ።

ያን ጊዜ ከከተማው ሽማግሌዎች አንዱ ወደ ወንደሰን ጠጋ ብለው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። አጭር ነበር። ወንደሰን ማኘኩን አቆመ። አልተፋውም፤ ሃይላንዱን ከፍቶ በውሃ ዋጠው። በእጁ የቀረውን ግማሽ ቁራጭ ግን ከሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። «ይቅርታ፣ ስልክ ነው» ብሎ ወጣ። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

እማማ ዘነቡ ያንን ግማሽ ቁራጭ አዩት። ፊታቸው ላይ ንዴት ፈለግሁ፤ የለም። ዝናብ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሲዘንብ የሚያሳየው ፊት ነው የነበራቸው። ሳህኑን በድስቱ ክዳን ሸፈኑና እንጨቶቹን ከምድጃው አውጥተው አጠፏቸው፤ ለሌላ ቀን ይሆናሉ።

የሚገርመው፣ ምድጃዎቹ አራቱም የተሸጡት ከዚያ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ወይዘሮ ሳህሊቱ ብቻቸውን ሁለት ወሰዱ፣ ለምግብ ቤታቸው ሌላ ስድስት አዘዙ። የምስክር ወረቀትም ተሰጠ። ስማቸው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እማማ ዘነቡ መድረኩ ድረስ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ጭብጨባው ሳይደርሱ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሲፈርስ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ክዳኑን አነሳሁና አንድ ቁራጭ ያዝኩ።

«እማማ፣» አልኩ፣ «ይቅር ይበሉኝ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

ዞር ብለው ከኋላቸው ሰው ቆሞ እንደሆነ አዩ። ማንም የለም። «እኔን ነው?» አሉ።

«እርስዎን ነው።»

በእጄ ያለውን ቦይና አዩ። «ከራብዎ ይብሉ» አሉ። «አዝነውልኝ ከሆነ ግን ይተዉት። ለኀዘን አልቀቀልኩትም።»

«ርቦኛል» አልኩ። እውነት ነበር። እውነቱ ያ ብቻ ግን አልነበረም፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ቦይናው ቀዝቅዞ ጉሮሮዬ ላይ ይለጠፋል። ስበላ አላዩኝም፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው በሉ፣ በደንብ በሉ፣ የቀረውን ለመብራት በኮባ ቅጠል ጠቀለሉ። አልመረቁኝም። አላመሰገኑኝም። ለምን ያመሰግኑኛል?

ወንደሰን በማግስቱ ቢሮ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። «ብታውቅ ኖሮ አትበላም ነበር?» አልኩት። ተነስቶ በሩን መልሶ ከፈተው። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አላወራንም፤ ዓመት ሳይሞላ ተዛወረ።

ዓውደ ርዕዩ ግን በየዓመቱ ቀጠለ፣ እማማ ዘነቡም በየዓመቱ መጡ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ውሃ አፈላለሁ። ቅመሱ የሚባል ነገር አይኑር።» እንዳሉት ሆነ። ውሃው ይፈላል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ውሃው ይደፋል። ለምን እንደሚመጡ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። እንዳይመጡ እየፈለግሁ ነበር የጠየቅኋቸው። «ከተራራ እንጨት የምታወርደው ሴት ጀርባ የሌላ ሰው ጀርባ ነው እንዴ?» አሉኝ። «እኔ ወገቤን አውቀዋለሁ።»

ቤታቸው ስሄድ ከዚያ ወዲህ እበላለሁ። እናቴ ሰማች። አንድ ወር ያህል ሳህኔን ለብቻ አጠበች፤ ከዚያ ሰለቻት መሰለኝ፣ ተወችው።

በ2003 ዓ.ም. ለዓውደ ርዕዩ ልጠራቸው ስሄድ መደብ ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው አብጧል፤ ጭቃውን የምትቆፍረው መብራት ሆናለች። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። «በክብር ተጋብዘዋል» ይላል። እስኪያልቅ ሰሙኝ።

«ልጄ፣» አሉ። ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያው ነው። «አራት ዓመት እጄን አሳየሁ። አይተውታል። ደክሞኛል።»

«መብራት ትምጣ?»

መብራት ከደጅ ሆና ትሰማ ነበር። «እኔ አልሄድም» አለች፣ ወደ ውስጥ ሳትመለከት። እማማ ዘነቡ እጃቸውን መሬት ላይ አሳርፈው፣ እንደ ልማዳቸው ትንሽ አስበው ተነሡ። ጥግ ላይ ከተደረደሩት ምድጃዎች አንዱን መርጠው በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ሰሙ። «ይሄ ይሂድ» አሉ።

ምድጃውን እስከ ተበላ በጀርባዬ ተሸከምኩት። ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ትከሻዬ ተላጠ። ሚኒባሱ ጣራው ሞልቶ ስለነበር ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት ሴት ምድጃውን ዳሰስ አደረጉት። «ቆንጆ ነው» አሉ። ከዚያ በአመድና በጭቃ የቆሸሸ ልብሴን አዩ። «የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«የለም፣ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ» የሚለው ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አላወጣሁትም። «አዎ» ለማለትም አልደፈርኩም፤ ያልሠራሁትን ሠራሁ ማለት አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ይበቃል። ዝም አልኩ። ሴትየዋ ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰዱት። ከእግሬ አጠገብ የነበረውን ዘንቢላቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት፣ ወደ መስኮቱም ጠጋ አሉ።

ሶዶ እስክንገባ አንድም ቃል አላወሩኝም። ምድጃው ከባድ ነበር።