ባለቤቱን የሚጠብቅ ሰዓት

ልጅ ሳለሁ፣ ወረታ ዳር በነበረው የአያቴ ቤት ከሰው የሚረዝም የጀርመን ሰዓት ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ያኔ፣ ኩራዙ ተለኩሶ ኩበቱ ፍም ሲሆንና ጢሱ ዓይናችንን ሲቆጠቁጠን፣ የእግዜር እንግዳ ካለ አያቴ ሁልጊዜ ያንኑ ተረት ይጀምሩ ነበር።

ክረምት ነው፤ ርብ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሆኗል። አንድ ነጋዴ የሰዓት ሣጥን በአንድ በቅሎ፣ የሆዱን መዘውር በሌላ በቅሎ ጭኖ ይመጣል። ውሃውን ከነሸክሙ መሻገር ሲያቅተው፣ «ለጥቅምት እመለሳለሁ፤ አደራ!» ብሎ ለአንድ ባላገር ትቶት ይሄዳል። እዚህ ላይ አያቴ ቀጥ ይሉና እንግዳውን ትክ ብለው ያያሉ።

«ከዚያስ?» እንላለን።

«ከዚያማ እኔስ መች አውቄ!»

መጨረሻ የሌለው ተረት እንዴት ያናድዳል! ለካ እሳቸው ተረት አያወሩም፤ የቤታችንን ሰዓት ባለቤት ያፈላልጋሉ። ያኔ የወንዙ ሙላት ሲያጣድፋቸው የነጋዴውን አገር ሳይጠይቁ ቀርተው፣ አርጅተውም «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እያሉ አደራ በላ ሆነው እንዳይሞቱ ይሰጉ ነበር።

አንድ ምሽት ከወሎ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ሴት ቤታችን አደሩ። ወተትና ቆሎ ቀረበላቸው፤ ተረቱም እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። እኛ «ከዚያስ?» ሳንል ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የሰዓቱ አንድ የኋላ እግር የዋንዛ ነው» አሉ። «በቅሎዋ ወድቃ ሲሰበር አባቴ ጠርቦ የተከለው ነው።»

አያቴ ይህን ለእኛ እንኳ ተናግረውት አያውቁም፤ እውነተኛውን ባለቤት መለያ አድርገው ደብቀውት ኖሯል። ኩራዙን ከሰዓቱ ጀርባ ዝቅ አደረጉት። በጥቁሩ የጀርመን እንጨት መሐል አንዲት ነጣ ያለች የዋንዛ እግር ታየች።

«አባቴ ምፅዋ ላይ ከአንድ ጀርመን ነው የገዛው» አሉ ሴትዮዋ። «ወባ ይዞት አገሩ ገባ። ሲቃዥ ስለዚች እግር ያወራ ነበር። ፎገራ፣ ከአንድ ደግ ሰው ቤት አለ እንጂ፣ ስምዎን ሳይነግረን ሞተ።»

አያቴ አለቀሱ። «ተመስገን! እንኪ ልጄ፣ አንድም ቀን ሳልሞላው አድሬ አላውቅም።»

ሰዓቱ ሲወሰድ እኔ ዘመዴን የነጠቁኝ ያህል አኩርፌ ነበር። አያቴ ግን ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ከልማድ ሰዓቱን ሊሞሉ ይነሡና፣ ባዶውን ግድግዳ ሲያዩ ይስቃሉ። ብዙ ዘመን አልፏል፤ ባዶ እጁን ቆሞ እንደዚያ ቅልል ብሎት የሚስቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።