ነብር ኮሶ የጠጣ ዕለት

ነቀምቴ ውስጥ ክትፎ በልቶ ፀዳለን የማያውቅ የለም። አሁን ክትፎ ቤቱ ተዘግቷል፤ ባለቤቷ ሚናስ ካረፈ ወዲህ ቢላዋውን የማንሳት ልብ አልነበራትም። ከጉራጌ አገር በሙሽርነት የመጣች ልጅ እዚሁ አርጅታ፣ ሰፈሩ በኦሮምኛ «አዴ ፀዳለ» እያለ የሚያከብራት ሴት ሆናለች። ኑሮዋ ከግቢዋ ክፍሎች ኪራይ ነው፤ ሥራዋ ደግሞ ድሮን ማንሳት። «ድሮማ...» ብላ ከጀመረች በቃ፣ ቁጭ ማለት ነው። ያቆምከው ባጃጅ ሰልችቶት ይሄዳል እንጂ እሷ አታቆምም።

ከሁሉ አብልጣ የምታነሳው የኮሶ ቀንን ነው።

ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል አይጠፋም፤ ስለዚህ በዚያን ዘመን ሰው ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶውን ይጠጣል። ሚናስም አንድ ጊዜ እንኳ አላስተጓጎለም። ማለዳ በባዶ ሆዱ ያን መራራ ነገር በጥብጦ ግጥም ያደርገዋል፤ ከዚያ ትሉ እስኪወጣ ድረስ እህል የሚባል አይቀምስም። ክትፎ ቤቱም ያን ቀን ዝግ ነው። እንግዳ በር ቢያንኳኳ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ቅር የሚሰኝ የለም፤ «ያሽረው» ብሎ ይመለሳል።

«በዓል እንኳ የእንግዳ ነው» ትላለች ፀዳለ። «ለቅሶው አለ፣ ማኅበሩ አለ። ሁለታችን ብቻ የምንውለው ያን ቀን ነበር። እሱ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ሆዱን ይዞ ያቃስታል፤ እኔ ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ እስቅበታለሁ። ሲመሽ ቆጮና አይብ በእጄ አጎርሰዋለሁ።» ኋላ የትል ክኒን መጥቶ ሰው ሁሉ ኮሶን ሲተው ሚናስ ግን ወይ ፍንክች አለ። «ክኒንማ ውጠህ ሥራህ ትገባለህ፤ ምኑን መድኃኒት ሆነ!» ይል ነበር። ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

ከተከራዮቿ አንዷ ኢማን ናት፤ የደሴ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም። ሥራዋ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት ፀዳለ ታፍራለች፤ ኢማን ጫካ ለጫካ እየዞረች የነብር ዓይነ ምድር ትለቅማለችና። ውስጡ ያለውን ትል ለማየት ነው አሉ። «ደኑ ሲመነጠር ነብሩ የሚያድነው ያጣል» ትላለች ኢማን። «መንደር ወርዶ ውሻ ይበላል፤ ከውሻው ጋር የውሻውን ትል ይወስዳል። የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም ትል ይጨርሳቸው?» ፀዳለም «እኛ ክትፎ በልተን፣ ነብር ውሻ በልቶ፤ ጣጣችን አንድ ሆነ በይኛ!» ብላ ታሾፋለች።

አንድ ቀን ማለዳ ጃራ የሚባል የጉቶ ጊዳ ገበሬ ኢማንን ፍለጋ መጣ፤ ጆንያ አቅፏል። ጆንያው ሲፈታ የነብር ደቦል ነው! በቆሎው መሃል ወድቆ ያገኘው ነው። ሆዱ ከበሮ አክሏል፤ ጎድኑ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ለመንከስ አፉን ከፈተ፤ አቅም አጥቶ መልሶ ዘጋው።

«እናቱ አለች» አለ ጃራ። «ሲመሽ ከጫካው ዳር ስትጣራ እንሰማታለን። ቄራንሳ፣ ነብሯ፣ ልጇን ቶሎ አትተውም። ግን ደግሞ እስከ መቼ ትጠብቃለች?»

ኢማን ሆዱን ዳበሰችው። «ወስፋት ሞልቶታል። እንዲህ ሆኖ ከመለስነው ይሞታል። ዛሬ መድኃኒት ሰጥተነው በርታ ካለ፣ ነገ ሲመሽ ለእናቱ እናደርሰዋለን። ከዘገየን እሷም ትሄዳለች፤ እሱም ዕድሜውን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይጨርሳል።»

የኢማን መሥሪያ ቤት ግቢ ውሻ ይርመሰመስበታል፤ ደቦሉ ደግሞ ሰው እንዳይለምድ ጭር ያለ ቦታ ይፈልጋል። ከተዘጋው ክትፎ ቤት የባሰ ጭርታ ከየት ይመጣል?

«የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» አለች ፀዳለ፣ ቁልፏን እየፈለገች።

መድኃኒቱን ኢማን አጠጣችው። ወዲያው ቢላ ከሚባል አገር ከብት ታሟል ተብላ ተጠራች። «እትዬ ፀዳለ፣ ሥጋ ቀቅያለሁ፤ ትንሽ ትንሽ እያሉ ያስገቡለት። አያናግሩት፣ ሰውም አያስጠጉ» ብላ በረረች።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቷ ጋሮማ አንኳኳ። «አካም ቡልታን፣ አዴ ፀዳለ! ምነው በሩን ዘጉት?»

ፀዳለ አላሰበችበትም፤ ከአፏ አመለጣት። «ኮሶ ጠጥቻለሁ!»

«ሄጦ? ዛሬም ኮሶ የሚጠጣ አለ እንዴ!» ጋሮማ ሳቀ፤ ቢሆንም ወጉን ያውቃልና «ያሽርዎ» ብሎ ሄደ።

ታዲያ ቃሉ ከወጣ ደንቡም ተከትሎ መጣ። ፀዳለ የሥጋውን ሳህን አንስታ ቆም አለች። መድኃኒት ጠጥቶ ደግሞ እህል? ትሉ እየተቀለበ ምን ብሎ ይወጣል! የዛሬ ልጆች የተማሩ ናቸው፣ ግን ይቸኩላሉ። መጀመሪያ ይውጣለት። ሳህኑን ከድና መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው፤ እሷም ክፍሉን ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲህ፣ የድሮ ፍራሻቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ደቦሉ ከወዲያ ያቃስታል። በር የሚመታ የለም። እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ፀዳለ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ቀን ካየች ስንት ዘመኗ! «አይዞህ፣ ሊወጣልህ ነው» አለች በሹክሹክታ፤ ማንን እንደሆነ እሷም አልለየችው።

ከቀትር በኋላ ትሉ ወጣ፤ ተጠቅልሎ፣ ክር የመሰለ፣ ብዙ። «እሰይ! እልል!» አለች። ደቦሉ ግን አልተነሳም። ማቃሰቱንም ተወ።

ኢማን ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሳህኑን ነው። «ምንም አልበላም?»

«መድኃኒት ጠጥቶ ምን ብሎ ይበላል?»

«እትዬ ፀዳለ! ይሄ እኮ ኮሶ አይደለም! በረሃብ ሊሞት ነው!» ኢማን ተንበርክካ ስኳር በውሃ በጥብጣ በጠብታ ታጠጣው ጀመር። ፀዳለ ወደ ደቦሉ ጎንበስ አለች።

«ገደልኩት?»

«አላውቅም። ሥጋውን እንደ ገንፎ ያድቅቁልኝ፣ ቶሎ!»

ፀዳለ ከሚናስ ሞት ወዲህ ያልነካችውን ቢላዋ አወረደች። እጇ ሥራውን አልረሳም። ኢማን የምታለቅሰውን ሴትዮ አይታ ቁጣዋ በረደ። «እንዲህ ያለውን ነገር ማን አስተማረዎት?» አለች፣ ቀስ ብላ። ፀዳለም እየከተፈች፣ እየተንሰቀሰቀች ስለ ሚናስ ነገረቻት፤ ስለ ኮሶው ቀን፣ ስለ ክኒኑ።

«እሳቸው ጥሬ ሥጋ በጣም ይወዱ ነበር ማለት ነው» አለች ኢማን፣ ዓይኗን ከደቦሉ ሳትነቅል።

«ሚናስ? ጥሬ ሥጋ በአፉ አይዞርም! ይቀፈው ነበር። የሱን እየደበቅሁ አበስልለታለሁ፤ ደንበኛ እንዳይሰማብን።»

ኢማን ቀና አለች። «እትዬ፣ የኮሶ ትል የሚመጣው እኮ ከጥሬ ሥጋ ነው። የበሰለ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ ከየት ያመጣዋል?»

ቢላዋው ቆመ። «ክኒንማ ውጠህ ሥራህ ትገባለህ» ይል የነበረው ትዝ አላት። ፀዳለ ፍራሹን አየችው። ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሬት፣ በባዶ ሆዱ!

«ውይ ሚናስ! ምነው ብትነግረኝ?» እያለቀሰች ሳቀች። «ዛሬ ዘግተን እንዋል ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር?» ቢላዋውን መልሳ አነሳች። «እል ነበር። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ማን ይዘጋል!»

«እትዬ፣ ይምጡልኝ» አለች ኢማን። ደቦሉ ማንኪያውን እየላሰ ነበር።

በማግስቱ በእግሩ መቆም ቻለ። አመሻሹ ላይ ጫካው ዳር አስቀምጠውት ከጃራ ጎጆ ሆነው ጠበቁ። እናቱ ግንድ በመጋዝ የሚሰነጠቅ በሚመስል ድምፅ ተጣራች፤ ደቦሉ በቀጭኑ መለሰላት። ወጥታ አሸተተችው፣ ማጅራቱን ይዛ ብድግ አደረገችው፣ ጫካውም ዋጣቸው። «ሂድ ልጄ» አለች ፀዳለ። ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ «ድሮማ» ሳትል መጣች፤ ኢማን ታመመች እንዴ ብላ ሰጋች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ቀን የፀዳለ በር ሳይከፈት ረፈደ። ጋሮማ መጥቶ አንኳኳ። ኢማን ልብስ ስታሰጣ አይታው በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ አጮለቀችና ተመለሰች።

«እትዬ ፀዳለ ኮሶ ጠጥተዋል» አለችው።

«ደግሞ? ያሽራቸው» አለ ጋሮማ፤ ሄደ።

ፀዳለ ግን ኮሶ አልጠጣችም። ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ የድሮ ቦታዋ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ለሁለት ሰው የሚሆን ቆጮና አይብ ተከድኗል።