ሀርግሬቭን ለመሰናበት

ጋይም ከሥራ ሲገባ ከጫማው በፊት ፊቱን ነው የሚያወልቀው፣ ትላለች ሚስቱ ሓዳስ። ቀኑን ሙሉ ለሱፐርቫይዘሩ ሲያሳየው የዋለውን ፈገግታ በሩ ላይ ይጥለውና ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል። ምፅዋ ተወልዶ ያደገ፣ በአማርኛ የተማረ፣ የዕድሜውን ግማሽ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በሞተር ክፍል የፈጀ ሰው ነው። አሁን የሚኖርባት ካልጋሪ ግን ባሕር የላትም። ሙያውን ይዞ በሄደበት ሁሉ «የካናዳ ልምድ አለህ?» ሲሉት ጊዜ ተወውና ሥጋ ፋብሪካ ገባ። ዊክኤንድ ደግሞ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይጠብቃል።

የተከራዩት ቤት ካስልሪጅ የሚባል ሰፈር ነው። ጎረቤታቸው ሚስተር ኦርቪል ይባላሉ፤ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ጡረታ ሲወጡ ካናዳዊት ሚስታቸውን ተከትለው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው በረዷቸውን የሚጠርግላቸው ጋይም ነበር። ማንም አልጠየቀውም። የራሱን ደጅ ጠርጎ ሲጨርስ፣ አካፋውን ሳያስቀምጥ የሳቸውንም ይገፋዋል፤ እሳቸውም ጋራዣቸው ውስጥ ከፔርሙስ ሻይ ይቀዱለታል።

ጋራዡ ግድግዳ ላይ የአንዲት ግራጫ መርከብ ፎቶ ተሰቅሏል። ጋይም አንድ ጧት እጁን በኩባያው እያሞቀ ትኩር ብሎ አየው።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለ።

«ሌላ መስላህ ነው» አሉት ኦርቪል። «ይቺ ሀርግሬቭ ናት። በኒውክሌር ኃይል የምትሄድ የጦር መርከብ፣ ክሩዘር።»

«ምፅዋ መጥታ ነበር፣ በባሕር ኃይል ቀን። ገና ምልምል ነበርኩ። አሳፍረው አስጎበኙን። ሞተሯን እንይ ብለን ወደ ታች ስንወርድ አንድ ጠመንጃ የያዘ ወታደር በሩ ላይ መለሰን።»

ኦርቪል የራሳቸውን ኩባያ አስቀመጡ። «እኔ ከዚያ በር ጀርባ ነበርኩ» አሉ። «ኃይል የሚሰጣት ሪአክተር ላይ ተረኛ ሆኜ። ሁሉም ከተማ ወጥቶ ተዝናንቶ ተመለሰ። ምፅዋን እኔ አላየኋትም።»

ከዚያ ወዲያ በረዶ በጣለ ቁጥር የሀርግሬቭ ታሪክ ይወራ ጀመር። ኦርቪል የተሳፈሩባት በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ቀለሟ ሳይደርቅ ነው። ሌሎቹ መርከቦች ነዳጅ ጫኝ ጎን ተለጥፈው ቱቦ ሲጎትቱ፣ እሷ ሆዷ ውስጥ ባለው እሳት ብቻ ዓመታት ትሄዳለች። ውቅያኖሶቹን ስታቋርጥ አንዲት ጠብታ አልተቀዳላትም። ከዚያ ቬትናም መጣ፤ አውሮፕላን ተሸካሚዎቹን እየጠበቀች ከባሕሩ ሳትወጣ ትከርም ነበር።

«እሷ አይደክማትም» አሉ ኦርቪል። «የጨረሰችን በዚያ ነው። ነዳጅ ያለቀበት መርከብ ወደብ ይገባል፣ ሰውም ይተነፍሳል። የሷ አያልቅም። አለቆቹም ያንን ስለሚያውቁ ሌላውን ሲመልሱ እኛን ‹ቆዩ› ይሉናል። የመጀመሪያዋ ልጄ ስትወለድ ባሕር ላይ ነበርኩ። ሁለተኛዋም ስትወለድ እዚያው ነበርኩ።»

ጋይም ራሱን ነቀነቀ። የሥጋ ፋብሪካው የማምረቻ መስመርም ቆሞ አያውቅም። ቆሞ የሚያውቀው በመስመሩ ላይ የሚሠራው ሰው ነው፤ ያም ሲታመም።

በሰማንያዎቹ ሀርግሬቭ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወርዳ ነዳጅ ጫኞችን አጀበች። ኦርቪል ያኔ ጡረታ ወጥተው ካልጋሪ ስለነበሩ በቴሌቪዥን ዜና መሀል ይፈልጓት ነበር። በኋላ ከሶቪየት ጋር የነበረው ፍጥጫ ሲያበቃ፣ ላረጀች መርከብ አዲስ እሳት መጨመር አያዋጣም ተባለና ባንዲራዋ ወረደ።

በፈረንጆቹ 1997 ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ኦርቪል አጥራቸው ላይ ተደግፈው ጋይምን ጠበቁት።

«ሊቆራርጧት ነው» አሉ። «ዋሽንግተን ስቴት፣ ብሬመርተን የሚባል ቦታ። ነዳጁን ቀድመው አውጥተውታል። የሪአክተሩን ክፍል አሽገው በረሃ ይቀብሩታል፣ የቀረው ለብረት ይሄዳል።» ቀጥለውም «ዓይኔ እንደ ድሮው ድራይቭ አያስደርገኝም» አሉ።

ጋይም የፈለጉት ገብቶታል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሺፍት አለብኝ» አላቸው። ውሸት አልነበረም። ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ጀርባው ላይ የሳቸው ዓይን ያረፈ መሰለው።

እራት ላይ ለሓዳስ ነገራት።

«ታዲያ ለምን አትወስዳቸውም?»

«ደክሞኛል፣ ሓዳስ። ኦፍ ጠይቄ፣ ያን ሁሉ ተራራ አቋርጬ፣ አሮጌ ብረት ላይ?»

«የአንተዋንስ መጨረሻ አይተሃል?»

ጋይም ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። አራት ዓመት አንድ ቤት ሲበሉ ይህን ጠይቃው አታውቅም።

በማግሥቱ ኦፍ ጠየቀ። ሱፐርቫይዘሩ አጉረምርሞ ፈቀደለት። ሐሙስ ጧት በኦርቪል መኪና ተነሡ፤ የኮክረንን ከተማ አልፈው ወደ ተራራው ሲገቡ ሽማግሌው አንገታቸው ወደ ጎን ወድቆ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋይም ራዲዮውን ዘግቶ ነዳ። በመንገድ ሞቴል አደሩ። ድንበር ላይ ፖሊሱ የጉዟቸውን ምክንያት ሲጠይቅ ኦርቪል «ቀብር» አሉት። ፓስፖርታቸውን መለሰና አሳለፋቸው።

መርከቦቹ ያሉበት ግቢ ሰው አያስገባም። ከሲያትል ወደ ብሬመርተን የሚሻገረው ፌሪ የተባለ የመንገደኛ መርከብ ግን በግቢው ፊት ለፊት ያልፋል። ሁለቱ ሰዎች ተሳፈሩና ውጪ፣ ነፋሱ ላይ ቆሙ። ግራጫ መርከቦች ጎን ለጎን ታስረዋል። ሰው የለባቸውም። የአንዳንዶቹ ራዳር ተነቅሏል፣ ቁጥራቸውም በቀለም ተድበስብሷል።

ኦርቪል ብዙ ፈለጉ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣ። «ያቺውልህ። ከዳር ሦስተኛዋ።»

ዝገት ከመልሕቋ ቀዳዳ እንደ እንባ ወርዶባታል። ኦርቪል ፌሪው እስኪያልፋት ድረስ አዩዋት።

«እንዲህ ትንሽ ነበረች እንዴ?» አሉ። ከዚያ ዞር ሳይሉ «ያንተዋስ?» አሉት።

ጋይም ለአንድም ሰው ነግሮ አያውቅም። ካልጋሪ ካሉት ኤርትራውያን ብዙዎቹ ዘንድ የጠላት ባሕረኛ ነው፤ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር ሲቀመጥ ደግሞ ኤርትራዊ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ዝም ማለትን መርጧል። ለዚህ ሽማግሌ ግን ሁለቱም ወገን ምኑም አይደሉም።

«የጥበቃ ጀልባ ነበረች» አለ። «ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። እኛ ግን ሸዋወርቅ እንላት ነበር፣ በወጥ ቤት ሠራተኛችን እናት ስም፤ እንደሳቸው ጩኸት ትወዳለች ብሎ እሱ ነው ያወጣላት። መንግሥት ሲወድቅ ይዘናት ወደ የመን ሸሸን። እዚያ ስንደርስ ሞተሩን አጥፋ አሉኝ። አጠፋሁት። ከዚያ እየቆጠሩ አወረዱንና ካምፕ አስገቡን። ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ከሩቅ ትታየኝ ነበር። አንድ ቀን ሳይ የለችም። ተሸጠች ይላሉ። ማን እንደገዛት አላውቅም። ጓደኞቼ ሲያለቅሱ እኔ እንቅልፍ ነበር የጠማኝ። ደስ ያለኝም መሰለኝ። ሞተሩ ጸጥ ሲል።»

ኦርቪል አላጽናኑትም። «እኔም የመጨረሻ ቀኔ እንደዚያው ነበርኩ» አሉ። ከዚያ «ሾዋ... ዎርክ?» ብለው ስሟን ሞከሩት። ጋይም አስተካከለላቸው። እንደገና ሞከሩት።

ብሬመርተን ወርደው አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገቡና እንቁላል በሉ። ስለ መርከብ አላወሩም። የመልሱ መንገድ ዝናብ ነበረበት።

ሓዳስ ጋይም ሲገባ እንዴት ነበር ብላ አልጠየቀችውም። ራሱ ጀምሮ ነገራት፤ ስለ ካምፑ፣ ስለ ሞተሩ። ስለ ጓደኞቹ ሊነግራት ሲል ቃሉ እየጎተተ ሄዶ ተቀምጦ እንዳለ አንቀላፋ። ጫማውን ፈታችለትና ጋቢ ደረበችለት።

በተከታዩ ጸደይ የኦርቪል ልጆች ቤቱን ሸጠው እሳቸውን ኮክረን የአረጋውያን ቤት አስገቧቸው። ጋይም ከፓርኪንግ ሥራው ሲወጣ፣ ጉልበት በተረፈው እሁድ ይሄድላቸዋል። ብዙ እሁድ አይተርፈውም። በሄደ ጊዜም ወሬያቸው አጭር ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ሆኪ ተከፍቶ ሁለቱም ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሲመሽ ነርሷ ትመጣና ጋይምን ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፤ ነገ ሥራ እንዳለው ታውቃለች።