ብንጣላ የት እንገናኛለን?

ጠበቃዬ ለክሴ የተሰጠውን መልስ አነበቡልኝ። በቀርከሃ ድርጅታችን ባለድርሻ የሆነው፣ የከሰስኩት ፈረንጅ «የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እኔን አይዳኝም፤ አገሬ መጥታ ትክሰሰኝ» ብሏል። እኔ ከዳንግላ አልፌ አላውቅም። ለድርሻዬ የሰጠሁት ደግሞ ልጆቼን የማሳድግበትን የቀርከሃ ማሳ ነው።

አምና ያረፉት አጎቴ ትዝ አሉኝ። ሰው ሲዋዋል «ብንጣላ የት እንገናኛለን?» ብለው ሳይጠይቁ አያስፈርሙም ነበር። በሰርጌ ቀን ባሌን እንኳ ይህንኑ ጠይቀውት ዳሱ በሳቅ ሞላ። ፈረንጁንም ውል ስንፈርም ጠየቁት። እኔ አፈርኩ።

«አጎቴ፣ ገና ሳንጀምር ስለ ጠብ ያወራሉ?»

«አንቺ ዝም በይ። ይሄ የሚጠየቀው ገና ስንዋደድ ነው።»

ፈረንጁም እየሳቀ «እዚሁ እናንተ አገር» አለ። አጎቴም ቃሉ ውሉ ላይ እስኪጻፍ ድረስ ከወንበራቸው አልተነሱም።

ዛሬ ዳኛዋ ያንን መስመር አንብበው «ክርክሩ እዚሁ አገር ይታያል» አሉ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ ለአጎቴ የሚሆን ቦታ ትቼ ነበር የተቀመጥኩት። አንድ ሰውዬ ሊቀመጥበት ሲል «ሰው አለበት» አልኩት።

አጎቴ፣ ክርክሩ ገና ነው። ግን ከአገሬ የሚያስወጣኝ የለም። እንጅባራ ቤቴ ገብቻለሁ፣ ልጆቼም አጠገቤ ናቸው። ደኅና ነኝ።