ከመንገድ የማይሰማው ንባብ

ወልድያ፣ ሐሙስ ማለዳ

ከወልድያ መናኸሪያ የተነሳሁት አንድ ካርቶን ሙሉ ፊደል ይዤ ነው። ከሳሙና ካርቶን ቆርጬ በወፍራም ማርከር የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። የማደርሳቸው ከመርሳ አለፍ ብሎ ግራና በምትባል ከተማ አካባቢ አንደኛ ክፍል ለምታስተምረው ታላቅ እህቴ ለዓለምነሽ ነው። ማታ ደውላ፣ «ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ። ከክፍሌ ሊያነሱኝ ነው። ካርቶኑን ይዘህ ና» አለችኝ።

ጥፋቷ የክፍሏ ጸጥታ ነው። ሌላው ክፍል በኅብረት እየጮኸ ሲያነብ፣ የእሷ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ስንጥር ይዘው ፊደሉን አንድ በአንድ እየነኩ በለሆሳስ ያነባሉ። ወላጅ ደግሞ ትምህርት መኖሩን የሚያውቀው በመንገድ ሲያልፍ በሚሰማው ጩኸት ነው።

ያንን ጩኸት አውቀዋለሁ። መጽሐፉን በቃሌ እየጮህኩ፣ ፊደል ሳልለይ ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ማንበብ የቻልኩት ትምህርት ካቋረጥኩ በኋላ፣ ሱቅ ስሠራ፣ ዕቃ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው።

ሲሪንቃና መርሳ

የሚኒባሱ ረዳት ካርቶኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «እንቁላል ነው?» አለኝ።

«ፊደል ነው።»

«ታዲያ እሱም እንደ ሰው ይከፍላላ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አወጣሁት። ሲሪንቃ ስንደርስ በምርምር ማዕከሉ ማሳ እያንዳንዱ የማሽላ መደብ የራሱ ምልክት ተተክሎበት አየሁ። ማሽላ መደብ በመደብ ይታያል፤ ልጆቻችንን በጅምላ እናስጮኻለን። መርሳ ወርጄ ለዓለምነሽ ማንጎ ገዛሁና አቧራማውን መንገድ በባጃጅ ቀጠልኩ።

ስብሰባው፣ ከሰዓት በኋላ

ወላጆች የልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሀያት እዚያው ክፍል የምትማር ጋሽ እንድሪስ ተነሱ።

«አምና የልጆቹ ድምፅ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። ዘንድሮ ለቅሶ ቤት እንኳ ከዚህ ክፍል ይሞቃል!»

ሳቅ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ሌላ መምህር እንመድባለን» አሉ። ካርቶኑን ልከፍት ስል ዓለምነሽ እጄን ያዘችኝና ጠመኔ አነሳች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ አቤቱታዎን ባጭሩ ይንገሩኝ፤ ልጻፈው።»

«እፈራለሁ ብለሽ ነው? ጻፊ! ይቺ መምህርት ልጆቻችንን ዝም አሰኘችብን።»

ቃል ሳትቀንስ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ከዚያ ውጭ ስትጫወት የነበረችውን ሀያትን ጠራቻት። ልጅቷ ስንጥሯን ይዛ በእግሯ ጣቶች ቆመች።

«ይ… ቺ። ይቺ። መም… ህርት። መምህርት።»

«ልጆቻችንን» የሚለው ላይ ተያዘች።

«ንገሯት እንጂ!» አሉ አንዲት እናት።

«ማንም እንዳይነግራት!» አለች ዓለምነሽ።

ሀያት ወደ «ል» ተመልሳ እንደገና ጀመረች። ጨረሰችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ ማን ነው እንዲህ ያለው?»

ጋሽ እንድሪስ ቆባቸውን አስተካከሉ። «እኔ ነኝ» አሉ። ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረው፣ «መምህርቷን እንዳትነኩብኝ። ግን በአላህ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉ!»

«አይጮኹም» አለች ዓለምነሽ። «ከፈለጉ ገብተው ይስሙ።»

ርዕሰ መምህሩ ሰኞ ክፍሏ እንድትገባ ፈቀዱ።

ወልድያ፣ ዓርብ

ካርቶኑን ትቼላት ጠዋት ተመለስኩ። ሰፈሬ ስደርስ በቤቴ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት በኅብረት ያነባል። አጥሩ ስር ቆሜ አዳመጥኩ። ከመንገድ የሚሰማው የልጆቹ ጉሮሮ ነው፤ የትኛው ልጅ ፊደሉን እያየ እንደሆነ አይሰማም።

ከሱቅ ባዶ ካርቶን አውጥቼ መቁረጥ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሰኞ ፊደሉን ይዤ በዚያ ትምህርት ቤት በር እገባለሁ።