አራት ጣት ወደ ኋላ

ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ እኔም ገና ሚስት አላገባሁም ነበር። የጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሰሞን መሆኑ ግን አይጠፋኝም። ጭቃው፣ ከየቤቱ የሚወጣው የቅቤ ሽታ፣ ለበዓል ከየአገሩ የሚገባው ሰው ጫጫታ ዛሬም አብሮኝ አለ።

ያስታወሰችኝ ልጄ ሜሮን ናት። ሶዶ ያለውን ፎቶ ቤቴን አሁን የምትሠራበት እሷ ናት። በቀደም ዕለት ሠርግ ላይ ያነሳችውን ኮምፒውተር ላይ እያየች ስትበሳጭ ሰማኋት።

«አባዬ፣ ና እስቲ እየው! የሙሽራዋ ጉትቻ ቁልጭ ብሏል፤ ዓይኗ ግን ጉም ነው። አዲስ ሌንስ እኮ ነው!»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እውነቷን ነው። ሳቄ መጣ። ብርሃን ማስገቢያው የሰፋ ሌንስ እንዲህ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ያነሳልሃል፤ የሚያጠራት ቦታ ግን በጣም ቀጭን ናት። ማሽኑ ፎከሱን ትንሽ ከሳተ ዓይን ቀርቶ ጆሮ ይጠራል።

እኔ ይህን የተማርኩት እማማ ባሎቴ ቤት ነው።

ያን ጊዜ በሰፈራችን ራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ሐኪም ሲዛወር ትቶልኝ ሄደ። ሌላው ፎቶ አንሺ የሌንሱን ቀለበት በእጁ ያዞራል፤ የእኔው ግን ማንሻው ላይ ጣት ሲያርፍ ዝዝ ብሎ ዞሮ «ጢጥ» ይላል። አገኘሁት ማለቱ ነው። እኔም አመንኩት። የሥጋ ዘመዴን እንኳ እንደዚያ አምኜ አላውቅም።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱን ያን ጊዜ በስሙ አልጠራውም፤ «የማዶው ሰውዬ» ነበር የምለው። አንድ ሠርግ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እሱ ፎቶ ውስጥ የገባ ሰው እግሩን ይዞ አይወጣም» ብሎ አሳቀብኝ። እግር እቆርጥ ነበር፣ አልዋሽም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ተቋረጠ።

ማርታ የምትባል የሶዶ አስተማሪ መጣችብኝ። እናቷ፣ እማማ ባሎቴ፣ ጉኑኖ አጠገብ ገጠር ውስጥ ታመው ተኝተዋል። በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም።

«ወንድሞቼ ለጊፋታ ይሰበሰባሉ» አለችኝ። «ለሚቀጥለው ጊፋታ ግን የምናገኛት አይመስለኝም። ለቅሶው ሜዳ ላይ ምን ይዤ ልቁም?»

በእኛ አገር ሟች ሲለቀስ ፎቶው ከፍ ብሎ ተይዞ ሜዳው ይዞራል። ፎቶ የሌለው ሰው ልብሱ ብቻ ነው የሚያዝለት። የማርታ ጭንቀት እሱ ነበር።

እማማ ባሎቴ እሺ ያሉት ለልጃቸው ሲሉ ነው። ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ፍላሽ አይበራም፣ ደጅም አይወጡም ተባለ። ሌንሴን አምኜ ሄድኩ። ለክብራቸው ብዬ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ዱንጉዛ፣ ደማቅ መስመር ያለውን የአገራችንን ሽመና፣ ሰቀልኩ። ያገራችን ሰው ዱንጉዛ ሳይሰቀል ፎቶ የተነሳ አይመስለውም። ማሽኑ «ጢጥ» አለ፤ እኔም አነሳሁ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ፎቶ ቤቴ ውስጥ ራሴ አጥቤ አተምኩት። የዱንጉዛው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የእማማ ባሎቴ ፊት ጭስ ነው።

ማርታ ወረቀቱን ብዙ አየችው። «ዱንጉዛማ ሸማኔው ጋም አለ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እናቴ የት አለች?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። እናቷ እህል መቅመስ እንዳቆሙ ከበሩ ላይ ሆና ነው የነገረችኝ።

ቀና ስል የማዶው ሰውዬ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ስታለቅስ አይቷት ነው።

«ዮ ዮ ጊፋታ!» አለኝ።

በዚያ ሰሞን በዚህ ሰላምታ የመጣብህን ሰው ዝም ማለት አይቻልም። ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። «ዮ ዮ» አልኩ በግማሽ አፌ። «እግር ልትቆጥር መጣህ?»

«እግሩንስ ተወው። ዛሬ የጠፋው ፊት ነው።»

ወረቀቱን አንስቶ ወደ ብርሃን ወሰደው። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀም። «ማሽንህ ደማቅ መስመር ወዳድ ነው» አለ። «ጨለማ ውስጥ ጥቁር ፊት ሲቸግረው ዱንጉዛው ላይ ሄዶ ተለጠፈ።»

«አወርደዋለሁ። ነገ ሄጄ እደግመዋለሁ።»

«አወረድከው እንበል። ከዚያስ? ትክክል ማየቱን በማን ላይ ልትሞክር ነው፣ በእሳቸው ላይ?»

ካሜራዬን አንስቼ ከኋላው መንገዱን ተሻገርኩ።

ከቤቱ ጀርባ የቀርከሃ አጥር ነበረው። አንዱ ቀርከሃ ላይ ነጭ ክር አሰርን። ከእማማ ባሎቴ የነበረኝን ርቀት በክንድ ለካንና አጥሩን በሰያፍ እያየሁ ክሩ ላይ አነጣጠርኩ። «ጢጥ።» አነሳሁ። ደጋገምኩ። ከዚያ ረግጬው በማላውቀው የእሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙን አጠብን። ክር ያለበት ቀርከሃ ደብዝዟል። ከእሱ ኋላ ያለው ጠርቷል። ሁሉም ላይ እንደዚያው።

«ማሽኑ ውሸታም ነው!» አልኩ። ዱንጉዛውን ብቻ አውርጄ ሄጄ ቢሆን የእማማን ዓይን ትቼ ጆሯቸውን ይዤ ነበር የምመለሰው።

«ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚዋሽ ሰው ይሻላል» አለ፣ በሁለቱ ቀርከሃ መካከል ጣቶቹን ከትቶ እየለካ። «አራት ጣት ነው የሚያልፈው። ሲጮህልህ ጣትህን ሳታነሳ አራት ጣት ወደ ኋላ ተሳብ።»

«ቀለበቱን በእጄ ባዞረውስ?»

«በዚያ ጨለማ? ሽፋሽፍታቸው ከታየህ አዙር።»

በማግስቱ አብሮኝ ወጣ። የጉኑኖ መንገድ በዝናብ ላቁጦ የተሳፈርንበት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። እየገፋን ሰማዩን አያለሁ፤ ደመናው እየወረደ ነው። በእማማ ባሎቴ በር የምትገባዋ ያች ብርሃን ከጠፋች ሌንሱም ምንም አያደርግልኝም።

ስንደርስ የማርታ ወንድሞች ተሰብስበዋል። ሙቹዋው፣ የበዓሉ ምግብ፣ ቀርቦ ማንም አልነካውም። ማርታ ዱንጉዛውን ራሷ ከግድግዳው አወረደች። እማማ ባሎቴን ደግፈው አስቀመጧቸው። ትንፋሻቸው አጭር ነበር።

«ባለፈው የወሰድከው ፊቴ የት ገባ?» አሉኝ።

የማዶው ሰውዬ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ባለፈው ግድግዳውን ነበር ይዞ የሄደው።»

«ዓይን የለውም እንዴ?»

«አለው። አራት ጣት ወደ ኋላ ነው ያለው።»

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ነገር አየሁ። «እንግዲያው ፈጠን በሉ» አሉ። «ደክሞኛል።»

ተንበረከክሁ። እሱም ከኋላዬ ተንበርክኮ መዳፉን ከጀርባዬ አራት ጣት አርቆ ዘረጋ። «ጀርባህ እጄን ሲነካ» አለኝ በጆሮዬ። ዓይናቸው ላይ አነጣጠርኩ፤ «ጢጥ» አለ። ትንፋሼን ይዤ ወደ ኋላ ተሳብኩ። መዳፉ ነካኝ፤ አነሳሁ። እንደገና። እንደገና። ከዚያ ሳል ያዛቸውና አስተኟቸው። ወዲያው ዝናቡ የሣር ክዳኑ ላይ ወረደ፤ ቤቱም ጨለመ። ፎቶው ይምጣ አይምጣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ወደ ሶዶ ተመለስን።

ማታ ወረቀቱን ኬሚካሉ ውስጥ ነከርነው። መጀመሪያ ሻሻቸው፣ ቀጥሎ ግንባራቸው ወጣ። ከዚያ ዓይናቸው መጣ። ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ፣ በብሌናቸው ውስጥ ነጭ በር፣ በሩ ላይ የቆመች የማርታ ጥላ። እንባዬን በክንዴ ጠረግሁ።

የማዶው ሰውዬ ወረቀቱን ከኬሚካሉ አነሳው። «እግራቸውን ግን ቆርጠሃል» አለ።

ማርታ ፎቶውን ለእናቷ አደረሰች። እማማ ባሎቴ ወደ ፊታቸው አስጠግተው አይተው፣ «እናቴ ናት እኮ! ከየት አገኛችኋት?» አሏት አሉ። ብዙም ሳይቆይ ለቅሶው ሜዳ ላይ ማርታ ያንን ፎቶ ከፍ አድርጋ ስትዞር፣ እኔና እሱ ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳላወራት ነው ሜሮንን «ነይ እንሞክረው» ያልኳት። የቀርከሃው አጥር ዛሬ ብሎኬት ስለሆነ ጓሮ ውስጥ የለስላሳ ጠርሙስ በሰያፍ ደርድረን ሌንሷን ሞከርነው። እውነትም ፎከሱ ወደ ኋላ ያልፋል። እሷ ካሜራው ውስጥ የሆነ ነገር ነካክታ አስተካከለችው፤ ዘመኑ ነው። እኔ ግን ልምድ ሆኖብኝ፣ ስታነሳ መዳፌን ከጀርባዋ ዘርግቼ ቆሜ ነበር። እኔም ሰው ማንሳት እስካቆም ድረስ «ጢጥ» ሲል ያ እጅ ከኋላዬ ያለ ይመስለኝ ነበር።

«አባዬ፣ እጅህን ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ ዞር ብላ። «ይህን ደግሞ ማን አስተማረህ?»

ነገርኳት። የማዶውን ሰውዬ ከዚያ ጊፋታ ወዲህ በስሙ ነው የምጠራው። ላቾሬ ነው።