የአሰልጣኙ ጣቶች በሞያሌ ከብት ገበያ

ከሁለት ወር በፊት ነው፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ... እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ባለው ከብት ገበያ፣ የአክስቴ ልጅ በሁለት ጣቱ የተነሳ ሊያስደበድበኝ ነበር።

እኔ የከብት ደላላ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ዮናስ ደግሞ... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የበረዶ ላይ ሆኪ አሰልጣኝ ነው። አዎ፣ በረዶ! እኛ በረዶ የምናውቀው ሶዳ ፍሪጅ ውስጥ ነው። በስድስት ዓመቱ አጎታችን ስዊድን ወሰደው። እዚያ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተተ፣ ትንሽ ጥቁር ጎማ በዱላ ሲመታ አደገ። ደመወዝ እየተከፈለው ዐሥራ ምናምን ዓመት ተጫወተና አንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ አሰልጣኝ ሆነ። ለእኛ የተነገረን እንደዚያ ነው።

ያን ሰሞን እናቱ ታማ ለአራት ቀን ብቅ አለ። አክስቴ ተሻላት፣ ተመስገን ነው። ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው «የምትታለብ ላም ልግዛላት» አለኝና ወደ ገበያ ወጣን።

መንገድ ላይ ስልኩ አላርፍ አለ። ረዳቱ ነው የሚደውለው። በእነሱ ቋንቋ ሲጨቃጨቁ ቆዩና ሲዘጋው ነገረኝ። ቅዳሜ የመጨረሻ ጨዋታቸው ነው፤ ከተሸነፉ ክለቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ እሱም ከሥራው ይባረራል። በዚህ ላይ ምርጡ ተጫዋቹ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ጣቱ ተሰብሯል።

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ይታሰርለትና የማደንዘዣ መርፌ ተወግቶ ይገባል። ራሱም እገባለሁ ብሏል።»

እኔ ምን አገባኝ... መንገዴን ቀጠልኩ።

ገበያ ስንደርስ አባ ጉዮ የሚባሉ፣ ዳበል ከሚባል መንደር የመጡ ሽማግሌ አንዲት ቀይ ላም ከነጥጃዋ ይዘው ቆመዋል። አማርኛውን ድንበር ማዶ ሲነግዱ ነው የለመዱት፣ አቀላጥፈው ይናገሩታል።

እኛ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ገዢና ሻጭ ፎጣ ስር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ዋጋው በጣት ይነገራል። የሻጩን አንድ ጣት ከያዝክ አንድ፣ ማለትም ዐሥር ሺህ ሽልንግ ነው፣ አምስቱንም ጭብጥ ካደረግክ አምስት። ዙሪያውን የቆመው ሰው ማን ስንት እንዳለ አያውቅም። ብዙ ጊዜ እጄን የማስገባው እኔ ነኝ። ዮናስ ግን «ለእናቴ ነው፣ ራሴ!» ብሎ ድርቅ አለ። እሺ፣ በል አምስቱንም ጨብጥ ብዬ በጆሮው ነገርኩትና ለቀቅኩት።

እጁ ገባ። ወዲያው አባ ጉዮ እጃቸውን መንጭቀው አወጡ።

«አንተ ደላላ! ይሄን ሰው ከየት ነው ያመጣኸው? ሦስት ይለኛል እንዴ? ላሜ ሞታለች?»

ሰው ከበበን። አንዱ ዱላውን ከትከሻው ሲያወርድ አየሁ።

«ኧረ በፈጣሪ! አምስት በል ነው ያልኩት!» ብዬ ጮህኩ። ዋጋ በአደባባይ የለፈለፍኩ የመጀመሪያው ደላላ ሳልሆን አልቀርም።

ዮናስ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳያቸው። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እነዚህ ሁለቱ አይታጠፉም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ምሳውን በማንኪያ ሲበላ «አንተማ ፈረንጅ ሆነሃል» እያልኩ ስስቅበት ነበር። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ።

ሽማግሌው እጁን ይዘው መልሰው ፎጣው ስር አስገቡት። አሁን ግን ለዋጋ አልነበረም። እንደ ወጌሻ አጥንቱን ቀስ እያሉ ዳበሱት።

«ፖሌ፣ አይዞህ ልጄ... ምን አገኘህ?»

«ስጫወት ጎማው መታኝ። ተሰብሮ ነበር። የዋንጫ ጨዋታ ስለነበር አስረው፣ መርፌ ወግተው አስገቡኝ። አሸነፍን። ከዚያ በኋላ ግን ዱላውን መጨበጥ አቃተኝና... አሰናበቱኝ።»

ለካ «በቃኝ» አላለም። ይሄን እናቱም አታውቅም።

«ዋንጫው የት አለ?» አሉት።

«ክለቡ ጋ።»

«እጁ ግን አንተ ጋ ቀረ።» ደግሞ «ግባ ያለህ ማነው?» አሉት።

«አሰልጣኜ።»

«አሁንስ አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ስለ ስልኩ የሚያውቁት ነገር የለም፣ እንዲያው እንግዳ እንደሚጠየቀው ነው የጠየቁት። እኔ ግን አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ፊቱን ማየት አቅቶኝ ጥጃዋ ላይ አፈጠጥኩ።

እጁን አወጣና ራቅ ብሎ ለረዳቱ ደወለ። ስልኩ ውስጥ ሰው ሲጮህ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልጁ አይገባም አልኩት።»

«ሥራህስ?»

«እንጃ» አለኝ። ከዚያ ላሟን በግራ እጁ ተደራድሮ ገዛ።

ቅዳሜ ተሸነፉ። በሳምንቱ እሱም ተባረረ። እውነቴን ነው፣ ሽማግሌውን ክፉኛ ተቀየምኳቸው። ራሴንም ምን ቆርጦኝ እዚያ ወሰድኩት ብዬ ብዙ ረገምኩ።

ትናንት ዮናስ ደወለልኝ። ያን ጣቱ ተሰብሮ የነበረውን ጎረምሳ መንገድ ላይ አግኝቶታል። «ክለቡን ያወረድከው አንተ ነህ» እያለ ሰው ፊት አዋረደው... ጡጫውን ጨብጦ እስከ አፍንጫው ድረስ መጣበት።

«መታህ እንዴ?» አልኩት ደንግጬ።

«አልመታኝም። እኔማ የሚለውንም በደንብ አልሰማሁትም፣ እጁን ነበር የማየው። አምስቱም ታጥፈዋል!»

ሥራ አጥቶ፣ ተሰድቦ፣ እንዲህ ደስ ብሎት የሚያወራ ሰው በሕይወቴ አልገጠመኝም።